ወንበሩ በማን ስም ይጠራ?

በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ «የሉካስ ወንበር» የሚባል የሒሳብ ፕሮፌሰርነት አለ። አይዛክ ኒውተን ተቀምጦበታል። ቻርልስ ባቤጅ፣ ፖል ዲራክ፣ ስቲቨን ሆኪንግም በየዘመናቸው ተቀምጠውበታል። እነዚህን ሰዎች ፊደል የቆጠረ ሁሉ በስም ያውቃቸዋል። ሉካስን ግን የሚያውቀው ማን ነው? የተቀመጡበት በዓለም ሲታወቁ፣ ወንበሩን ከኪሱ አውጥቶ ያቆመው ሰው ስሙ ብቻ ቀርቶ ማንነቱ ተረስቷል። ለመሆኑ በዚህ ወንበር የተከበረው ማን ነው? ሰጪው ነው ወይስ ተቀማጩ?

ጥያቄው ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል። ግን አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች ዐዋጅ ጸድቋል፤ የመጀመሪያው ራስ ገዝ የሆነውም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ራስን መግዛት የሚያኮራ ነገር ቢሆንም የራስን ጎሮሮ በራስ መድፈንም አለበት። ገቢ የሚፈልግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ይዋል ይደር እንጂ ለባለ ገንዘብ የሚያቀርበው ነገር ያስፈልገዋል። በሌላው ዓለም ከሚቀርቡት ነገሮች ዋነኛው ስም ነው፤ የሕንፃ ስም፣ የአዳራሽ ስም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የመምህር ወንበር ስም። እንግዲህ ገበያው ሳይከፈት ስለ ሸቀጡ መነጋገሩ አይከፋም።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። አንድ ሰው በሕይወቱ ሳለ ወይም በኑዛዜው ለዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ወይም መሬት ይሰጣል። ዋናው አይነካም። በየዓመቱ የሚያስገኘው ብቻ እየተነሳ ለአንድ መምህር መተዳደሪያ ይሆናል። መምህሩ ሲሞት ወይም ጡረታ ሲወጣ ሌላ ይተካል፤ ወንበሩ ግን ይቀጥላል። ተቀማጩም ከማዕረጉ ላይ የሰጪውን ስም ደርቦ «የእገሌ ፕሮፌሰር» እየተባለ ይጠራል። በካምብሪጅ የዚህ ዓይነቱ ወንበር ቀዳሚ በ1502 የንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛ እናት ሌዲ ማርጋሬት ቦፈርት ያቋቋመችው የነገረ መለኮት ወንበር ነው። (የውጭው ታሪክ ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የአገራችን «ዓ.ም.» ተብሎ ተጠቅሷል።)

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ወንበር የሚሰጥ ሰው የሚገዛው ይህንኑ ከመቃብር በላይ መዋልን ነው። ይህ ጸሐፊ በዚህ አይከፋም፤ ለስሙ ሲል ትምህርት ቤት የሚሠራ ሰው ለስሙ ሲል ድግስ ከሚደግስ ይሻላል። ነገር ግን የአንድን ወንበር ዋጋ ለመመዘን ስሙን ማንበብ አይበቃም። ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ከየት መጣ? ተቀማጩን የሚመርጠው ማን ነው? ምን እንዲያስተምር ታዘዘ? ምን እንዳይናገር ተከለከለ? ከዚህ በታች ጥቂት ወንበሮችን በዚህ ዓይን እናያለን።

የሉካስ መቶ ፓውንድ

ሄንሪ ሉካስ ከ1640 እስከ 1648 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲን ወክሎ በእንግሊዝ ፓርላማ የተቀመጠ ሰው ነበር። በ1663 ሲሞት አራት ሺህ ያህል መጻሕፍቱን ለዩኒቨርሲቲው ተወ። በዓመት መቶ ፓውንድ የሚያስገባ መሬት ተገዝቶ ለአንድ የሒሳብ መምህር መተዳደሪያ እንዲሆንም ተናዘዘ። የመጀመሪያው ተቀማጭ አይዛክ ባሮው ነበር። እሱም በ1669 ወንበሩን ለቀቀና ገና የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት የነበረው ኒውተን ተተካ።

በወንበሩ ደንብ ውስጥ ከተጻፉት ግዴታዎች አንዱ መምህሩ በትምህርት ወራት በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲያስተምርና ያስተማረውን በጽሑፍ ለዩኒቨርሲቲው እንዲያስረክብ ያዝዛል። ኒውተን አስተምሯል፤ ሰሚ ግን አልነበረውም። አንዳንድ ቀን አዳራሹ ባዶ ስለሚሆን ለግድግዳው ያነብ እንደነበር ጸሐፊው ሆኖ ያገለገለው ሰው መስክሯል። ዛሬ በተማሪ ቁጥርና በገቢ የሚመዝን አስተዳደር ቢኖር ኖሮ ወንበሩን አጥፎ ገንዘቡን ለሌላ ባዋለው ነበር። መቶው ፓውንድ ግን የተማሪ ቁጥር አይጠይቅም። ሰሚ ያጣው መምህር ደመወዙ ሳይቋረጥ ሥራውን ቀጠለ።

ሁለተኛው አንቀጽ ከዚህ ይበልጣል። ተቀማጩ ከወንበሩ የሚያርቀውን የቤተ ክርስቲያን ሹመት እንዳይዝ ይከለክላል። በዚያ ዘመን የኒውተን ኮሌጅ አባላት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ክህነት መቀበል ነበረባቸው። ኒውተን ደግሞ በምስጢር የሥላሴን ትምህርት የማይቀበል ሰው ነበር። ክህነት ቢቀበል በሐሰት መማል ሊኖርበት ነው፤ አልቀበልም ቢል ከኮሌጁ መውጣቱ ነው። በ1675 ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ የሉካስን ወንበር የያዘ ሁሉ ከዚህ ግዴታ ነፃ እንዲሆን ፈቀደ። ለፈቃዱ መንገድ የከፈተው የወንበሩ ደንብ ነበር።

የሉካስ ሥራ የሚደነቀው እዚህ ላይ ነው። ሉካስ ኒውተንን አያውቀውም፤ ሲሞት ኒውተን ገና ተማሪ ነበር። ምን እንደሚያስብ ሊያውቅ አይችልም፤ ቢያውቅም ላይወደው ይችል ነበር። ነገር ግን የማያውቀው ሰው፣ የማያውቀውን ነገር፣ ማንንም ሳይፈራ እንዲያስብ የሚያስችል ቦታ ትቶ ሄደ። ማንነቱ ቢረሳም ሥራው ስላልተረሳ፣ ሉካስ በከንቱ ተናዘዘ ለማለት የሚደፍር የለም።

ሙታን የሚመርጡት መምህር

ሁሉም ሰጪ እንደ ሉካስ አይደለም። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የቦደን የሳንስክሪት ወንበር አለ። ጆሴፍ ቦደን በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር ውስጥ ያገለገለ መኮንን ነበር። ገንዘቡን የተወው ለጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ ፍቅር ሲል አልነበረም፤ እንግሊዞች ሳንስክሪት ተምረው መጽሐፍ ቅዱስን በመተርጎም ሕንዶችን ወደ ክርስትና እንዲያመጡ ብሎ ነው። ዓላማው በውሉ ውስጥ ሰፈረ። የመጀመሪያው መምህር ሆረስ ዊልሰን በ1832 ተመረጠ።

ዊልሰን በ1860 ሲሞት ሁለት ሰዎች ለወንበሩ ተወዳደሩ። አንዱ ማክስ ሙለር፣ የትውልድ አገሩ ጀርመን የሆነና የሪግ ቬዳን ጥንታዊ ጽሑፍ እያሳተመ ስሙ የገነነ ሊቅ ነው። ሌላው ሞኒየር ዊልያምስ፣ የቦደንን የስብከት ዓላማ ከልቡ የተቀበለ እንግሊዛዊ። መራጮቹ የሙያው ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ የኦክስፎርድ ምሩቃን ሁሉ ድምፅ ነበራቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ካህናት ነበሩ። ዊልያምስ 833 ድምፅ አገኘ፣ ሙለር 610። ሙለርን የጣሉት የውጭ አገር ሰው መሆኑና በሃይማኖት ነገር ለዘብ ያለ ነው መባሉ ነበሩ።

ፍርዳችን ሚዛን እንዳይስት አንድ ነገር እንጨምር። ዊልያምስ ደካማ ሰው አልነበረም፤ ያዘጋጀው የሳንስክሪትና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ዛሬም ከተመራማሪዎች እጅ አልወጣም። ነገር ግን የውድድሩ ጥያቄ «ሳንስክሪትን አብልጦ የሚያውቀው ማን ነው?» የሚል ብቻ አልነበረም። «የሟቹን ሐሳብ አብልጦ የሚፈጽመው ማን ነው?» የሚልም ነበረበት። ከመቃብር ሆኖ መምህር የሚመርጥ ሰጪ ወንበሩን ሰጥቷል ለማለት ያስቸግራል። ዩኒቨርሲቲው ይህን ለመረዳት ብዙ ዘመን ወሰደበት፤ የቦደን የስብከት ዓላማ ከደንቡ የወጣው በ1882 ነው።

አንድ ርስት፣ ሁለት ኑሮ

የገንዘቡን ምንጭ የሚመለከተው ምሳሌ ደግሞ ከአሜሪካ ይመጣል። የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ሥሩ የሮያል ወንበር ነው። አይዛክ ሮያል የተባለው ባለጸጋ የማሳቹሴትስ ነዋሪ ሲሆን፣ የቤተሰቡ ሀብት የመጣው በካሪቢያን ባሕር በአንቲጓ ደሴት ባሮች ከሚለፉበት የሸንኮራ እርሻ ነው። በማሳቹሴትስም ባሮች ነበሩት። የአሜሪካ አብዮት ሲነሳ ወደ እንግሊዝ ሸሽቶ በ1781 እዚያው ሞተ። በኑዛዜው ለሃርቫርድ መሬት ተወ፤ ከዚያ በተገኘው ገንዘብ በ1815 የሕግ ወንበር ተቋቋመ፤ በ1817 ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። የሮያል ቤተሰብ ዓርማ የነበሩት ሦስት የስንዴ ነዶዎችም ከ1930ዎቹ ጀምሮ የትምህርት ቤቱ ዓርማ ሆኑ።

ከዚሁ ርስት ጋር የተያያዘ ሌላ ሰነድ አለ። ቤሊንዳ ሰተን በልጅነቷ ከአፍሪካ ተነጥቃ የተወሰደች፣ ሮያልን ሃምሳ ዓመት በባርነት ያገለገለች ሴት ናት። በ1783 ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት አቤቱታ አቀረበች። ይህ ሀብት የተከማቸው በእኔ ጉልበት ጭምር ነውና ከርስቱ ለእኔና ለታማሚ ልጄ መተዳደሪያ ይቆረጥልን የሚል ነው። ምክር ቤቱ በዓመት አሥራ አምስት ፓውንድ ከአሥራ ሁለት ሽልንግ ፈረደላት። ክፍያው ግን ወዲያው ተቋረጠ፤ አሮጊቷ ደጋግማ አቤት ለማለት ተገደደች። ከአንድ ሰው ርስት ለሕግ መምህር ወንበር ወጣ፤ ርስቱን በላቧ ያቆመችው ሴት ግን የተፈረደላትን ለማግኘት ደጅ ጠናች። ሕግ የሚያስተምር ወንበር ከዚህ የበለጠ የሕግ ጥያቄ ከየት ያገኛል?

ኤሌና ኬገን በ2003 የትምህርት ቤቱ ዲን ስትሆን ሮያል በሚለው ስም መጠራትን ትታ በቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ስም የተሰየመውን ወንበር ያዘች። ሂውስተን ከዚያው ትምህርት ቤት የተመረቀ ጥቁር የሕግ ሰው ነው። የሆዋርድ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት ቤት መርቷል፤ ተርጉድ ማርሻልን አስተምሯል፤ የጥቁርና የነጭ ትምህርት ቤቶችን መለያየት በፍርድ ቤት ለማፍረስ የተደረገውን ረጅም ክርክር ነድፏል። በ1950 ሲሞት ድሉን አላየም፤ ድሉ የመጣው በ1954 ነው። ለወንበር የሚሆን ርስት አልነበረውም። ወንበሩ የተሰየመለት ስለ ሥራው ነው።

በ2016፣ ከተማሪዎች ተቃውሞና በኮሚቴ ከተደረገ ክርክር በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ የስንዴ ነዶዎቹን ዓርማ አወረደ። በዚያ ክርክር ዓርማው ይቆይ ያሉም ነበሩ፤ ምክንያታቸውም ስሙ ሲጠፋ ባሮቹም አብረው ይረሳሉ የሚል ነበር። ይህ በቀላሉ የሚጣል ሐሳብ አይደለም። በ2017 ጉልበታቸው ለትምህርት ቤቱ መቋቋም ምክንያት የሆነውን ባሮች የሚዘክር ድንጋይ በግቢው ውስጥ ቆመ። እኔን የሚያስደንቀኝ ውጤቱ ብቻ አይደለም፤ በአደባባይ ተከራክረው፣ ሰነድ አገላብጠው፣ ምክንያታቸውን ጽፈው መወሰናቸውም ነው።

ወቃሹን ያስቀመጠ ወንበር

ወደ አህጉራችን ስንመለስ ከባለጸጋ ይልቅ የመሪ ስም የተሰጣቸው ወንበሮች እናገኛለን። የጋና ዩኒቨርሲቲ የክዋሜ ንክሩማህ የአፍሪካ ጥናት ወንበር አለው። የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲም በ2008 በጁሊየስ ኔሬሬ ስም የፓን አፍሪካ ጥናት ወንበር አቋቁሟል።

የመሪ ስም የራሱ አደጋ አለው። ባለጸጋ ሲከበር ገንዘብ ይወደሳል፤ መሪ ሲከበር ሥልጣን ይወደሳል። ኔሬሬ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የነበረው ታሪክም የፍቅር ብቻ አልነበረም። በ1966 የብሔራዊ አገልግሎት ግዴታን ተቃውመው ሰልፍ የወጡትን በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው አባሯል። ይህን የሚያውቅ ሰው «የኔሬሬ ወንበር» ሲባል የውዳሴ ወንበር ይጠብቃል።

የመጀመሪያው ተቀማጭ ግን ኢሳ ሺቭጂ ሆነ። ሺቭጂ በ1976 በታንዛንያ ስላለው የመደብ ትግል ባሳተመው መጽሐፍ፣ በኔሬሬ ሶሻሊዝም ውስጥ ሥልጣንና ጥቅም በመንግሥት ቢሮክራቶች እጅ መውደቁን በብርቱ የተቸ ምሁር ነው። ኔሬሬ በሕይወት ሳለና በሥልጣን ላይ እያለ ነው የተቸው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በኔሬሬ ስም በተሰየመው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያም ሆኖ የኔሬሬን ሐሳብ ሲያጠና፣ ሲያከብርና ሲመረምር ቆየ።

አንድን ሰው በወንበር ማክበር ማለት እንዲህ ነው። ሐውልት አይከራከርም፤ ከሐውልትም ጋር የሚከራከር የለም። ወንበር ግን አፍ ያለው ሰው ይቀመጥበታል። ያ ሰው የተከበረውን ለመንቀስ ካልተፈቀደለት ወንበሩ ከሐውልት አይለይም።

የእኛ ወንበር

በእኛ አገር «ወንበር» የሚለው ቃል ለዚህ ጉዳይ አዲስ አይደለም። የቤተ ክህነት መምህር ጉባኤ ተክሎ፣ ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል ይባላል። ወንበሩም ቦታ አለው። ድጓ የሚመሰከረው ቤተልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥእት ዙር አምባ፣ አቋቋም ጎንደር በአታ፣ ቅዳሴ ደብረ ዓባይና ሰለልኩላ። ቅኔው ዋድላ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ እየተባለ በቤት በቤቱ ይለያል።

አንባቢ ልብ ይበል። ከእነዚህ ስሞች ውስጥ የባለጸጋ ስም የለም። የመምህር ስም እንኳ የለም። በጎንደር ዘመን የመጻሕፍትን ትርጓሜ ያደሱት መምህር ኤስድሮስ ያን ያህል ታላቅ ሰው ሆነው ትምህርታቸው የተጠራው «ታች ቤት» ተብሎ ነው፤ ነባሩ ደግሞ «ላይ ቤት»። ወንበሩ የሰፈር ስም ያዘ። የመምህሩ ስም የኖረው በተማሪው አፍ ነው፤ ማንም ሊቅ «ከማን ተማርክ?» ሲባል የመምህሩን፣ የመምህሩን መምህር እየጠራ ወደ ላይ ይቆጥራል። በድንጋይ ከተቀረጸ ስም ይህ ሳይሻል አይቀርም።

ይህን ስንል ግን ያለፈውን ሁሉ ወርቅ አድርገን ለመሳል አይደለም። ወንበሩ መተዳደሪያ ነበረው፤ መተዳደሪያውም መሬት ነበር። ነገሥታትና መኳንንት ለአድባራትና ለገዳማት ጉልት ይሰጣሉ፤ ሊቃውንቱ ከዚያ ይኖራሉ። ጉልት ማለት ደግሞ የገባር ገበሬ ግብር ማለት ነው። የሮያልን ወንበር የጠየቅነውን ጥያቄ የራሳችንንም ወንበር ልንጠይቀው ይገባል፤ ዜማው የተዜመው በማን እህል ነው? ተማሪው እንኳ ከጉልቱ አይደርሰውም፤ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ሲለምን ነው የተማረው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲታወጅ ጉልቱ ቀረ። ለገበሬው ፍትሕ ነበር። ነገር ግን በጉልቱ ቦታ ለወንበሩ ሌላ መተዳደሪያ ለመትከል ማንም አላሰበም። የኔታ በምእመናን ችሮታ፣ ጉባኤውም በተማሪው ልመና ቆየ።

ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲያችንም ከስጦታ የተነሳ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ ዩኒቨርሲቲውም በስማቸው ተጠራ። በ1967 ዓ.ም. ስሙ ተነቀለ። መነቀል ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እዚህ የሚያስፈልገን አነቃቀሉ ነው፤ መንግሥት ተለወጠ፣ ስም ተለወጠ፣ አለቀ። ቤቱን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት ስም ሲወርድ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ላይ የነበረው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኬኔዲ ስም ግን እስከ ዛሬ በተማሪ አፍ ቀረ። ከሃርቫርድ ጋር ያለን ልዩነት ይኸው ነው፤ እነሱ ስምን ያወረዱት መርምረው ነው፣ እኛ ያወረድነው በትእዛዝ ነው። በትእዛዝ የወረደ ስም በትእዛዝ ሊመለስ ይችላል፤ ያም ሲሆን ማንም ምንም አልተማረም።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማይነሳ አንድ ሰው አለ። እሱም የሊቁ መምህር ነው።

አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራ፣ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። በ1649 ሮም በነበረው የሐበሾች ገዳም ሳሉ ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ የኤርፉርት ተወላጅ ጀርመናዊ ወጣት ግዕዝ ፍለጋ መጣባቸው። አስተማሩት። በ1652 መስፍኑ ኤርንስት ጋብዟቸው ወደ ጎታ ሄዱ፤ ስለ አገራቸው ታሪክ፣ ቋንቋና ሃይማኖት የተጠየቁትን ሁሉ መለሱ። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ጉዞ ጀምረው በሶርያ ጠረፍ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝ ሰዋስው፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት አባት ተባለ።

በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ፣ አምስቱ የኢትዮጵያ ጥናት ኢንሳይክሎፒዲያ ቅጾች የተዘጋጁበት ማእከል በሂዮብ ሉዶልፍ ስም ይጠራል። ወንበር ሳይሆን ማእከል ነው፤ የስም ጥያቄው ግን አንድ ነው። ሉዶልፍ ክብሩ ይገባዋል፤ መምህሩንም አልካደም፣ በ1691 ባሳተመው መጽሐፉ የአባ ጎርጎርዮስን ምስል አስቀርጾ አስቀምጧል። ተማሪው ያልረሳውን መምህር የረሳነው እኛ የኋለኞቹ ነን። የተማሪው ስም በር ላይ ሲጻፍ የመምህሩ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ቀረ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉታል አባቶች።

አባ ጎርጎርዮስ ብቻቸውን አይደሉም። ኢጣሊያዊው ኢኛትሲዮ ጉይዲ በ1901 ያሳተመውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ የረዱት ክፍለ ጊዮርጊስ የተባሉ የእኛ ሊቅ ናቸው። እኚሁ መምህር የጀመሩት የግዕዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አለፈ፤ እሳቸውም ሳያሳትሙት ቢሞቱ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለብርሃን አበቁት። ሦስት ትውልድ፣ አንድ ሥራ። ካምብሪጅ ቢሆን ኖሮ ይህ ወንበር ይባል ነበር። እኛ ዘንድ ያለ ርስትና ያለ ውል፣ በአደራ ብቻ ነው የተላለፈው። አለቃ ታየ ገብረ ማርያምም ከ1905 ጀምሮ በበርሊን ግዕዝና አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ተመልሰዋል።

ነገሩ ተስፋ የሌለው አይደለም። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ግዕዝን በቋሚ ገንዘብ ለማስተማር በተጀመረው ጥረት ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ዘፋኝ አቤል ተስፋዬ በ2016 ሃምሳ ሺህ ዶላር ሰጠ፤ በዚያ ያሉ ወገኖችም እንደ አቅማቸው አዋጡ። በ2017 መጀመሪያ ትምህርቱ ተጀመረ። በዘፈን የተገኘ ገንዘብ ለግዕዝ ሲውል ማየት ያስደስታል። ቶሮንቶ ያገኘውን ስድስት ኪሎ ለምን ያጣል?

ውሉ ምን ይበል?

እንግዲህ የእኛም ዩኒቨርሲቲዎች ባለ ስም ወንበር ሲያቋቁሙ፣ ማቋቋማቸውም አይቀርም፣ ይህ ጸሐፊ ከስሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ሰጪው መምህሩን አይምረጥ፤ አያሰናብትም። በመራጩ ጉባኤ ውስጥ እሱም፣ ወኪሉም፣ ዘመዱም አይቀመጥ። የቦደንን ወንበር ያሳነሰው ከሙያ ውጭ ያለ ሐሳብ በምርጫው መግባቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ተቀማጩ የሰጪውን ድርጅት፣ ወገንና ሥራ ጭምር መርምሮ የመጻፍ መብቱ በውሉ ይስፈር። ስለ ባንኮች የሚያጠና መምህር በባንክ ስም በተሰየመ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለዚያው ባንክ ዝም የሚል ከሆነ ገንዘቡ የተሰጠው ለዕውቀት መሆኑ ቀርቶ ለዝምታ ሆኗል።

ሦስተኛ፣ መተዳደሪያው ዘመን የሚሻገር ይሁን። ባለፉት ዓመታት በአገራችን በባንክ የተቀመጠ ብር ወለዱ የዋጋ ንረቱን ሊደርስበት አልቻለም። ዛሬ ለፕሮፌሰር የሚበቃ ገንዘብ ከአሥር ዓመት በኋላ ለዘበኛ ላይበቃ ይችላል። የሉካስ ኑዛዜ መሬት ማለቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በእኛ ዘመን የሚከራይ ሕንፃ ወይም የአክሲዮን ድርሻ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ስም የሚወጣበትም የሚወርድበትም ሥርዓት አስቀድሞ ይጻፍ። የሚነሳ ስም ካለ በሰነድና በአደባባይ ክርክር ይነሳ፤ በስልክ ትእዛዝ አይሁን።

አምስተኛ፣ ገንዘብ ሁሉ ስም አይግዛ። ሃርቫርድ ለሂውስተን እንዳደረገው ከሚገኘው ስጦታ የተወሰነው ምንም ሳይሰጡ ሁሉን ለሰጡ መምህራን ስም ይቀመጥ። በሰው ወርቅ አይደመቅም እንላለን፤ በተረሳ መምህር ዕውቀት መድመቅም ከዚህ አይለይም።

ከአምስቱ አስቸጋሪው የመጨረሻው መሆኑ አይጠፋኝም። ባለ ገንዘብ በሌላ ሰው ስም እንዲሰጥ ማግባባት ቀላል አይደለም። ሆኖም በዚህ አገር ስሙን ሳያስጽፍ ለደብር ጉልላት፣ ለመስጊድ ምንጣፍ የሚሰጥ ሰው ሞልቷል። ያን ልማድ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግር ጠያቂ ነው የጠፋው።

መጀመሪያውስ በማን ይሁን ቢባል፣ በስድስት ኪሎ የግዕዝ ፊሎሎጂ ወንበር ተቋቁሞ በአባ ጎርጎርዮስ ስም ቢጠራ የሚከራከር የሚኖር አይመስለኝም። መንግሥት አልነበሩም፣ ባለጸጋ አልነበሩም፣ የወደቀ ሥርዓት ምልክት አይደሉም። መምህር ነበሩ። ተቀማጩም እሳቸው ለሉዶልፍ የነገሩትን አንድ በአንድ እየመረመረ፣ የተሳሳቱበት ካለ ተሳስተዋል ብሎ እንዲጽፍ ይፈቀድለት። ሌላ የተሻለ ስም አለ የሚል አንባቢም ይጻፍልን፤ ክርክሩ ከገንዘቡ ቀድሞ ቢጀመር አይጎዳንም።